ጸሎት የተደረገበት ቼክ

«ሞተሩን አጥፊና አንዴ እንነጋገር፣ እህት ገበያነሽ» አሉ የቤተክርስቲያኗ ሽማግሌ ጋሽ ሰብሐት። መኪናቸውን ሊቶኒያ ከተማ ካለው ቤቷ ድራይቭዌይ አፍ ላይ ፓርክ አድርገው መውጫዋን ዘግተውባታል።

«እቸኩላለሁ፣ ጋሼ። ከሰዓት ችሎት አለን።»

«እሱን ብዬ እኮ ነው የመጣሁት።»

ለሌላማ መቼ ይመጡ ነበር! ኦፕራሲዮን ሆና ስትተኛ ብቅ ብለው ያልጠየቋት ሽማግሌ፣ ዛሬ በጠዋት ከረባት አስረው ደጇ ቆመዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት መክብብ የሚባል የቤተክርስቲያኑ ሰው «ኮንየርስ ከተማ መጋዘን ገዝተን እናከራይ» ብሎ የኢንቨስትመንት ፈንድ አቋቋመ። ስልሳ አራት ምእመን ባለአክሲዮን ሆነ። ገበያነሽ ወገቧ እስኪቆረጥ በሽተኛ ስታገላብጥ ኖራ ያጠራቀመችውን አርባ ሺህ ዶላር ሰጠች፤ ጓደኛዋ ፋናዬ ደግሞ የሟች ባሏን የኢንሹራንስ ገንዘብ። ውሉ ሠላሳ ገጽ ነበር። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነው ጸለዩበት። ከተጸለየበት በኋላ ማን ያንብበው? ማንበቡ መጠራጠር መሰለባቸውና ሁሉም አሜን ብለው ፈረሙ። ባለፈው ወር ፋናዬ ከሥራ ስትመለስ መጋዘኑ ላይ የሌላ ሰው ስም ተሰቅሎ አየች። ተሸጧል። ገንዘቡስ? መክብብ «ጌታ በጊዜው ይገልጠዋል» አለ። ዓይን አውጣ! ገበያነሽና ፋናዬ ጠበቃ ይዘው ከሰሱት።

ጠበቃቸው ሐምራዊት ትናንት ለገበያነሽ በስልክ ነግራታለች። «ዳኛዋ የመክብብን አካውንቶች ፍሪዝ አድርጋ እንድታግድልን ገንዘቡን እያሸሸ እንደሆነ ማሳየት አለብን። አሁን እጃችን ላይ ያለው ወሬ ብቻ ነው።»

ጋሽ ሰብሐት በመስኮቱ ጎንበስ አሉ። «ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት ይከስሳል? ቃሉ ምን ይላል?»

«ቃሉ አትስረቅ ይላል።»

ሳል ሳል አላቸው። ከኮታቸው ኪስ ፖስታ አወጡ። «ያንቺ ነው፤ አርባ ሺህ፣ ሳይሸራረፍ። ስምሽን ከክሱ አውጪ። ለሰው እንዳትነግሪ ብቻ።»

«የፋናዬስ?»

«የፋናዬን ጌታ ያውቃል።»

ጌታን የሌባ ገንዘብ ያዥ ሲያደርጉት ትንሽ እንኳ አላፈሩም! እሳቸውን ላለማየት ብላ ዓይኗን ወደ መኪናቸው መለሰች። አዲስ ነው፤ የወረቀት ታርጋው ገና አልተነሳለትም።

«እርስዎ ግን ድርሻዎን ተቀብለዋል» አለች።

«እንጸልይበት» አሉ። ፖስታውን አስጨበጧትና እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጭነው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ገበያነሽ አልጨፈነችም። እሳቸው «አባት ሆይ፣ የፍቅርን መንፈስ አፍስስ» ሲሉ፣ እሷ ፖስታውን ከፍታ ታነባለች። ቼኩ የተጻፈው ስሙን ሰምታው ከማታውቀው ድርጅት ነው። ቀኑ የትናንት። ፊርማው የመክብብ ሚስት የርብቃ። ርብቃ ፈንዱ ውስጥ አንድ አክሲዮን እንኳ የላትም። የሸሸው ገንዘብ በራሱ እግር ገበያነሽ ደጅ ድረስ መጥቷል።

«አሜን» አሉ።

«አሜን» አለች፣ ከእሳቸው ጎላ አድርጋ። «አሁን መኪናዎን ያንሱልኝ።»

ደስ ብሏቸው አነሱላት። እሷም ከሰፈሩ እንደወጣች ዳር ይዛ ቆመችና የቼኩን ፎቶ ለሐምራዊት ልካ ደወለች።

«ወይኔ! ይሄ እኮ ነው የጠፋን!» አለች ሐምራዊት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ግን እትዬ፣ ለዳኛዋ ከሰጠነው አይመነዘርም። ያንቺም ከሁሉም ጋር ይታገዳል። ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ስንት እንደሚተርፍም አላውቅም።»

ገበያነሽ ቼኩን አገላበጠችው። የልጇ የሚካኤላ የኮሌጅ ክፍያ በሚቀጥለው ወር ይደርሳል። ባንክ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ወለል ብሎ ይታያል። አርባ ሺህ ዶላር ነው እኮ! እናንተስ ብትሆኑ?

«ፋናዬን ይዣት እመጣለሁ» አለች በመጨረሻ።

ገበያነሽ ኮንየርስ ደርሳ ፋናዬ መኪናው ውስጥ ስትገባ፣ ቀበቶዋን እስክታስር እንኳ ሳትጠብቅ ፖስታውን ጭኗ ላይ ጣለችላት።

«ይሄን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና ዚፑን ዝጊው። ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።»

«ለምን?»

«እስከ ፍርድ ቤቱ ድረስ ስንት ባንክ አለ መሰለሽ?»