እማማ ጌክ ደወል ሲመርጡ

ፖ ሊን ከኳላ ላምፑር ታይፒንግ ከተማ እናቷ እማማ ጌክ ዘንድ የመጣችው ከሻጭ ለሙከራ የወሰደቻቸውን ሦስት ዕቃዎች ይዛ ነው። ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። አንዱ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ አንዱ እንደ ሰዓት ይታሰራል፣ አንዱ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ባለ ገመድ ነው። የሦስቱም ሥራ አንድ ነው፤ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ሲወድቅ ይጫናል ወይ ይስባል፣ በዕቃው በኩል ከጥሪ ማዕከል ሰው ያናግረዋል፣ አምቡላንስ ይላክለታል።

“ምረጪ” አለች። “ካልመረጥሽ እኔ ጋ ነው የምትኖሪው።”

እማማ ጌክ የልጃቸውን ቤት ያውቁታል። አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ነው፤ ጎረቤት የሚታየው ሊፍት ውስጥ ብቻ ነው፣ እሱም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ። እዚህ ግን በረንዳ አላቸው፤ አጥር ተደግፋ ከእሳቸው ጋር ሰው የምታማ ጎረቤት፣ ሮኪያ፣ አለችላቸው። ከዚህ ቤት መውጣት ለእሳቸው ከመሞት ትንሽ ብቻ ይሻላል። ስለዚህ ለመምረጥ ተቀመጡ፤ ማላገጡን ግን አልተዉም።

“ይሄ የፍየል ቃጭል ነው” አሉ የአንገቱን አንስተው።

“ፍየል እንኳ ብትጠፋ ትገኛለች።”

“ሰዓቱ ደግሞ ይናገራል አልሽኝ?”

“ጮክ ብሎ።”

“አባትሽም ጮክ ብሎ ነበር የሚናገረው። ይበቃኛል።”

“ገመዱስ?”

“እሱ ጥሩ ነው። የውስጥ ልብስ አሰጣበታለሁ።”

ፖ ሊን ሳቋን ለመደበቅ ወደ ምድጃው ዞረች። በመጨረሻ የአንገቱ ተመረጠ፤ ከሸሚዝ ሥር ስለሚገባና ሮኪያ ስለማታየው ብቻ።

ሳምንት ሳይሞላ እማማ ጌክ ገላቸውን ሲታጠቡ አዳልጧቸው ወደቁ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ ቢጮኹም የሚሰማቸው የለም። ቁርጭምጭሚታቸው እንደ እሳት ነደደ። አንገታቸው ላይ ያለውን ደወል ተጫኑ።

“እማማ፣ እንደምን ዋሉ? በልተዋል?” አለች ከማዕከሉ አንዲት ጨዋ ልጅ።

እኛ አገር ሰላምታው ይሄው ‘በልተዋል?’ ነው፤ መልሱም አንድ ነው፣ የበላም ያልበላም የሚመልሰው።

“በልቻለሁ፤ አንቺስ?” አሉ እማማ ጌክ፣ ራቁታቸውን ወለሉ ላይ ተዘርረው።

“ገና ነኝ። ልወጣ ስል ነው የደወሉት።”

“እስካሁን? ጨጓራሽን ልታሳምሚ ነው።”

“በስህተት ነክተውት ነው እንዴ?”

እማማ ጌክ ትንሽ አሰቡ። ያልበላችን ልጅ ማስጨነቅ ነውር ሆነባቸው። “በስህተት ነው። ሂጂ ብዪ” አሉ።

ፎጣውን ጎትተው ለበሱና ልጅቷ እስክትበላ ጠበቁ። ለሩዙም ለሾርባውም ጊዜ ሰጧት፤ እጇን የምትታጠብበትን እንኳ አልነፈጓትም። ከዚያ ተጫኑ።

“በላሽ?”

“በላሁ እማማ።”

“እንግዲያው ወድቄያለሁ።”

አጥንታቸው አልተሰበረም፤ እግራቸው ብቻ አበጠ። ፖ ሊን ሆስፒታል ስትደርስ ነርሷ ታሪኩን እየሳቀች ነገረቻት፤ እሷም አብራ ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ።

“እማዬ፣ እኔም እኮ ማታ ማታ ስደውል የምጠይቅሽ ይሄንኑ ነው።”

እማማ ጌክ ብርድ ልብሱን ማስተካከል ጀመሩ።

“ስንቱን ቀን ነው ሳትበዪ በልቻለሁ ያልሽኝ?”

“ለአንድ ሰው ሩዝ መጣድ ያስጠላል” አሉ።

የልጃቸው ዓይን ሲቀላ አዩ። ከመውደቃቸው ይልቅ ይሄ አስፈራቸው፤ አሁን መውሰዷ ነው አሉ በልባቸው።

“እቤትሽ ትቆያለሽ” አለች ፖ ሊን። “ለማዕከሉም እነግራለሁ፤ ከእንግዲህ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ወድቀሽ እንደሆነ ነው። ለእኔ ግን እውነቱን ትነግሪኛለሽ። አንዴ ከዋሸሽኝ፣ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ።”

ቤታቸው በገቡ በማግስቱ ማታ ስልኩ ጮኸ።

“በልተሻል?”

የእማማ ጌክ አፍ እንደ ልማዱ ተከፈተ። መልሰው ዘጉት። ምድጃው ቀዝቅዟል።

“አልበላሁም” አሉ። በዚህ ሁሉ ዕድሜያቸው ለሰው እንዲህ ብለው አያውቁም ነበርና በጣም አፈሩ።

በስልኩ ውስጥ ከፖ ሊን ወጥ ቤት ድስት ሲንኳኳ ተሰማ።

“እኔም አልበላሁም” አለች። “ሩዙን ጣጂ፤ ስልኩን አልዘጋም።”