ሁለት እጅ ወደ ላይ

ድንኳን ሰፊዋ ጠማማውን መርፌ በአሮጌዋ አውሮፕላን ክንፍ ሸራ ውስጥ ስታሾልክ፣ የአባቷ ከዘራ ከበስተኋላዋ ሲሚንቶውን ሲደበድበው ሰማች።

"ጮክ ብለህ አንብበው እንጂ! ለመጻፍ ያላፈርክ ለማንበብ ታፍራለህ?"

የሙዚየሙ ኃላፊ ከቢጫዋ አውሮፕላን ፊት የሚቆመውን ሰሌዳ አቅፏል። ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ይህች የጦር ማሠልጠኛ አውሮፕላን በሣጥን ታሽጋ በመርከብ መጣች። እኅቶቿ ሁሉ ለቁራጭ ብረት ሲሸጡ እሷ ብቻ ቀረች። ብዙ አብራሪዎችን አስተምራ፣ በመጨረሻ በአሠልጣኙ ስሕተት ወድቃ ከበረራ ወጣች።"

"በአሠልጣኙ!" አሉ ሽማግሌው።

አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ። የዚያን ዕለት የፊት ወንበር ላይ የነበረው ተማሪ ደግሞ ይኸው ኃላፊ ነው። እሳቸው ተባረሩ፤ እሱ ሌላ አውሮፕላን ተሰጠውና ማዕረግ በማዕረግ ላይ ደረበ።

ልጃቸው ይህን ክርክር ከእናቷ ወተት ጋር ነው የጠጣችው። የፊቱና የኋላው መሪ በአንድ ብረት የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲነቃነቅ ሌላውም ይነቃነቃል። ስለዚህ አሠልጣኙ "የኔ ነው!" ሲል ተማሪው ሁለት እጁን ከራሱ በላይ ያነሣል፤ መልቀቁ ከኋላ እንዲታይ። ቤት ውስጥም ሕጉ ይኸው ነበር። አባቷ የሻይ ትሪ ሲቀበሏት እንኳ እጇን ካላነሣች ትሪውን ይዘው እንደ ሐውልት ይገተሩ ነበር። እናቷ "ይኼ ሰውዬ ኩሽናዬንም ሊያበር ነው" እያለች ትስቅባቸው ነበር።

"'የኔ ነው' ስልህ እጅህን አነሣህ?" አሉ ሽማግሌው።

"እርስዎ መቼ አሉና? ሞተሩ እያጓራ ማን ይሰማል?"

"ትከሻህን እስኪያብጥ ደቃሁህ እኮ! መሪው ላይ እንደ መዥገር ተጣብቀህ!"

"አባባ፣ ይብቃዎት" አለ ኃላፊው። "እንግዳ የሚያነበው ሰሌዳ ነው፤ የእርስዎን እንጉርጉሮ ማንም አይጠይቅም።"

ሰፊዋ ወደ ኃላፊው ዞረች። "'በአደጋ ወደቀች' ቢባል ምን ይጎድልብዎታል?"

"አንቺ ስፌትሽን ስፊ።"

"አባትሽን በክብር እናነሣቸዋለን ብለው አይደል ያመጡኝ?"

"አነሣናቸው እኮ!" ኃላፊው ሳቀ። "'አሠልጣኙ' ተብለዋል።"

ሽማግሌው ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ወደ በሩ አዘገሙ።

ክንፉ ጫፉ ላይ ገና ክፍት ነው፤ የእንጨት አጥንቶቹ እንደ ከሳ ከብት ጎድን ይታያሉ። እያንዳንዱ ስፌት እንጨቱን ከውስጥ ዞሮ መቋጠር አለበት። ኃላፊው ይህን የሚችል ሰው ፍለጋ ስንት በር እንዳንኳኳ ራሱ ነግሯታል።

ሰሌዳውን ከአውሮፕላኗ አፍንጫ ሥር አቆመና እጁን አራገፈ።

"በይ ቶሎ ጨርሺ። ነገ ጠዋት በሩ ለእንግዶች ይከፈታል።"

ሰፊዋ መርፌውን ከነክሩ ሸራው ላይ ተወችው። ሁለት እጇን ከራሷ በላይ አነሣች።

የኃላፊው ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። "ምን መሆንሽ ነው?"

"የእርስዎ ነው" አለችው፤ እጇን ሳታወርድም አባቷን ተከትላ ወደ በሩ ሄደች።