የግራ ፈትል

ጫኔ ካራውን መዞ፣ ሊያልቅ ሁለት ክንድ የቀረውን የበግ ጠጉር ባና ከመሃሉ ሰነጠቀው። አሠሪው ተሾመች ደርሳ ስለቱን በቀኝ መዳፏ ብትይዝበት ከግድግዳው ጋር አላተማት። በግራዋ አጮለችው። ሌላው ሸማኔ አወቀ ከኋላ አንቆ እስኪጥለው ድረስ ደሙ ክንዷን አልፎ ነበር።

«ውጣ» አለችው። «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ።»

የጫኔ ሚስት ጥሩሸዋ ከገበያ ስትመለስ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጥይት ከጣላት አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ጫኔ ልቅሶው ላይ ሳምንት እንኳ አልቆየም፤ በአራተኛው ቀን መጥቶ ከሸማኔ ጉድጓዱ ገባ። ሃያ ሁለት ዓመት ነቅ የማይወጣለት ሰው፣ የነካው ሁሉ ወንፊት ሆነ። ሌሎች ሴቶች የፈተሉት አዲሱ ክር በየስንዝሩ ይበጠስበታል፤ ሲቀጥለው መልሶ ይላቀቃል። ተሾመች መጀመሪያ ኀዘን ነው ብላ ቻለች። ኋላ አረቄ ነው ብላ አፉን አሸተተች። አወቀማ አሰናብቺው ካላት ሰነበተ።

መዳፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ወደ ልቅሶው ቤት ወረደች። ለጥሩሸዋ እንድትፈትለው ተልኮ እዚያ የቀረውን የበግ ጠጉሯን ልትወስድ፣ ማሰናበቷንም በሰው ፊት ልትናገር ነው።

ለቀስተኞቹ ካቡ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ስለ ሟች ያወራሉ፤ ጓሳው ሜዳ ላይ ጅብ በበትር ማባረሯን፣ ለባሏም እጅ አለመስጠቷን። አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያችን ሴትዮ የፈነከተቻት እኮ እሷ ናት አለች። ተሾመች ሰማች። ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ ዳሰሰች።

ጥሩሸዋ ግራኝ ነበረች። ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች ከፈታዮቹ ጋር ተቀምጣ እንዝርቷን በግራዋ ስታሾር፣ ተሾመች በግራ የተፈተለ ለሙሽራ አይነጠፍም ብላ ነጠቀቻት። ያችም መልሳ ነጥቃ በዚያው እንዝርት ቅንድቧን ተረተረችው። ከዚያ ወዲያ ጥሩሸዋ ቤቷ ሆና ትፈትላለች፤ ፈትሉን ጫኔ ያመጣዋል። ቀኙን ለመደች ብላ ተሾመች ነገሩን ረሳችው።

ወደ ውስጥ ስትገባ የሟች እናት እማማ የምሥራች ጠጉሩን ከነእንዝርቱ አቀበሏት። ተሾመች እንደ ልማዷ እንዝርቱ ላይ የቀረውን የሟች ክር በጣቶቿ አሸት አደረገችው። ተፈታ። ደግማ አሸችው፤ ተፈታ። ወደ ሌላው ዙር ብታሸው ጠበቀ።

ቀድሟት የደረሰው ጫኔ መደቡ ሥር ተቀምጦ ያያታል።

«ቀኙን አልለመደችም» አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት የሷን ክር ስቀጥል ጣቴ ወደሷ ዞሮ ቀረ። የሌሎቹ እጄ ላይ ይፈታል፣ እትዬ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ደግመሽ እንዳትነጥቂያት።»

ሰው ሁሉ የምትለውን ይጠብቃል።

ተሾመች አጠገቡ ቁርበቱ ላይ ቁጭ አለች። እንዝርቱን በግራ እጇ ይዛ ጭኗ ላይ አሾረችው። ወደቀ። አነሣችው፤ ክሩ ጎርብጦ ተበጠሰ፤ እንዝርቱም ተንከባሎ ሄደ።

«ነገ ሥራ ስትገባ በምን ክር ልታደራ ነው ታዲያ?» አለችው፣ ቀና ሳትል።

ጫኔ ተንፏቆ እንዝርቱን አነሣ። ጠጉሩን ጠቀለለላትና በግራ እጇ አስጨበጣት።