የድንጋጤው ክኒን

«ኦቦ ቦጂያ ይህን ክኒን የሚውጡት መቼ መቼ ነው?» አለች ፋርማሲስቷ ጣቢታ።

በየወሩ መድኃኒቱን ከዚህ ፋርማሲ ወስዳ ለአማቷ የምታቀብለው በቀለች ናት፤ ሲውጡት ግን አይታ አታውቅም። ምራት አማቷን «ዋጡ ወይ?» ብላ አትመረምርም፤ ነውር ነው።

«እኔ እንጃ፤ ልባቸውን ሲያማቸው መሰለኝ» አለች። «ሰሞኑን እህል አስጠልቷቸዋል፤ ያስመልሳቸዋል። አምፖሉም ቢጫ ሆነብኝ ይላሉ። መድኃኒቱን ጨምረሽ ስጪኝ።»

ጣቢታ ካርቶን ስታሽግ ነበር። ሰበታ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ከታመሰች ወዲህ ባሏ ሲላስ የሚሠራበት ፋብሪካ ተዘግቷል፤ ዛሬ ዕቃቸውን ጭነው ወደ አገራቸው ሆሳዕና ሊሄዱ ነው። «ቢጫ» የሚለውን ስትሰማ እጇ ካርቶኑ ላይ ቆመ።

«አልጨምርልሽም፣ እትዬ በቀለች። ቤት ውሰጂኝ።»

ኦቦ ቦጂያ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደብ ላይ ተኝተዋል። ጣቢታ የእጃቸውን አንጓ ይዛ ሰዓቷን አየች። ቆየች፤ አሁንም ቆየች።

«ልብዎ በጣም ቀስ ብሏል፣ አባቴ። ክኒኑን መቼ መቼ ነው የሚውጡት?»

«ተኩስ በሰማሁ ቁጥር ነዋ! ልቤ ሲደልቅ እውጣለሁ፤ ዝም ሲል ምን ሊያደርግልኝ? ሰሞኑን ደግሞ ተኩሱ መች አባርቶ!»

«የድንጋጤ መድኃኒት እኮ አይደለም! ደነገጡም አልደነገጡም በቀን አንድ ብቻ ነው። ሲበዛ ዓይንን ቢጫ ያሳያል፤ ልብንም ያቆማል።»

«ታዲያ ማን ነገረኝ?»

ጣቢታ ስትነግር የኖረችው ለበቀለች ነው፤ በቀለች ደግሞ አማቷን አታዝም።

«አሁኑኑ አዲስ አበባ ሆስፒታል መድረስ አለባቸው።»

«በምን?» አለች በቀለች። ታክሲ የለም፤ አስፋልቱ በድንጋይ ተዘግቷል።

«በእኛ መኪና።»

ኦቦ ቦጂያ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «ከተማው መሬታችንን ሊወስድ ነው ብለን ስንጮህ፣ እናንተ ደግሞ ባለመሬቱን ጭናችሁ ልትሄዱ?»

ፒካፑን ደጅ አቁሞ የገባው ሲላስ ሳቀ። «ከፍራሻችን እርስዎ ይቀላሉ፣ አባባ። ደግሞ እርስዎ ካሉ መንገድ የዘጉት ልጆች ድንጋዩን ያነሱልናል። ለብቻችን ማን ያሳልፈናል?»

«እንዲያ በል! ለካ እኔ ነኝ የማደርሳችሁ!»

ሊነሱ ሲሉ እጃቸው ወደ ጋቢያቸው ጫፍ ሄደ። ክኒኖቹን ቋጥረው የያዙት እዚያ ነው። በቀለች አየች። ለማንም ሽማግሌ እንዲህ ዘርግታ የማታውቀውን እጇን ዘረጋች።

«አባ፣ እሱን ለኔ ይስጡኝ።»

አተኩረው አዩዋት። «አንቺም ማዘዝ ጀመርሽ?»

«ዛሬስ አዛለሁ።»

«ኢንተላ ኮ» አሉ በድካም፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ቋጠሮውን ፈትተው ሰጧት።

ደግፈው መኪናው ውስጥ አስቀመጧቸው። ጣቢታ አጠገባቸው ገብታ ለበቀለች ቦታ ለቀቀችላት። በቀለች አንድ እግሯን አስገባች። በዓለም ገና በኩል ጥቁር ጭስ ይታያል። ልጇ ገመቺስ ጠዋት ከእኩዮቹ ጋር እንደወጣ አልተመለሰም፤ ስልኩንም አያነሳም። አማቷ መንገድ ላይ ቢሞቱስ? ልጇ ቆስሎ መጥቶ ቤቱን ዝግ ቢያገኘውስ?

«ግቢ እንጂ፣ እትዬ!» አለቻት ጣቢታ።

እግሯን መልሳ አወጣች።

«አዲስ አበባ ላለችው ልጃቸው እደውላለሁ፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ትጠብቃችኋለች። እስከዚያ እጃቸውን አትልቀቂብኝ።»

«አልለቅም» አለች ጣቢታ።

ሲላስ ሞተሩን አስነሳ። ኦቦ ቦጂያ ከነጣቢታ ጋር ሄዱ፤ በቀለች ቀረች።