ባዶ መኪና የታለ?

በመሥሪያ ቤቱ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «እትዬ ለምን» ነበር የሚሏት። አንድ ነገር አድርጊ ስትባል ቀድማ «ለምን?» ትላለች፤ መልሱ ካልጣማት ሌላ «ለምን?» ታስከትላለች። ይህ ጠባይዋ በልጅነቷ እናቷን አሰልችቷል፣ ባሏን ደግሞ አስቆት እስከ ጋብቻ አድርሶታል። ለዋና ሥራ አስኪያጁ ግን ራስ ምታት ሆነ።

መሥሪያ ቤቱ የአምቡላንስ አገልግሎት ይሰጣል። የሕመምተኛ ቤተሰብ ይደውላል፤ ከታች ያለው የስምሪት ክፍል መኪና ይልካል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ክፍሉን ለዘመናት የመሩት ሽማግሌ፣ ከሬዲዮ መነጋገሪያው ስለማይለዩ «ጋሽ ሬዲዮ» የሚባሉት፣ በአንድ ጆሯቸው የደዋዩን ለቅሶ እየሰሙ በሌላው ሹፌሮቹን ተራ በተራ ይጠይቃሉ፦ «ባዶ መኪና የታለ? አንተ ባዶ ነህ? አንተስ? ኧረ የሰው ያለህ!» መኪና እስኪገኝ ደዋዩ መስመር ላይ ይጠብቃል። አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ታክሲ ፍለጋ ይሮጣል። አንዳንዱ ደግሞ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ዝም ይላል፤ ጋሽ ሬዲዮ ከሁሉ የሚፈሩት ያንን ዝምታ ነበር።

ይህን ሊያቃልል አዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት እንዲሠራ ሲወሰን እትዬ ለምን የፕሮጀክቱ መሪ ሆና ተቀጠረች። ዕቅዱ ፎቅ ላይ፣ በመሰብሰቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጠበቃት። ረጅም ወረቀት ነው፤ ጥናቱ በሰማያዊ፣ ንድፉ በአረንጓዴ፣ ግንባታው በቢጫ፣ ሙከራው ደግሞ ጫፉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር። ካርታው፣ የመድኃኒት ክምችቱ፣ የሹፌሮቹ ፈረቃ፣ ለሥራ አስኪያጁ ቢሮ የሚቀርበው ሪፖርት፣ ሁሉም አብረው ተሠርተው በመሥሪያ ቤቱ የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ ጊዜ ሥራ ይጀምራሉ። ሪባን ይቆረጣል፤ እንግዶች ያጨበጭባሉ። የሠርግ ልብስ ይመስላል፤ አምሮ የተሰፋ፣ ግን የሙሽራዋን ልክ ማንም ያልወሰደው።

«ለምን ሙከራው መጨረሻ ላይ ሆነ?» አለች።

«ያልተሠራ ነገር ይሞከራል እንዴ?» አለ ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ።

«ለምን ሁሉም አብሮ ይሠራል? ዋነኛውን አስቀድመን ሠርተን ለጋሽ ሬዲዮ ብንሰጣቸውስ? ሲጠቀሙበት ጉድለቱን ይነግሩናል፤ እናርማለን፤ ከዚያ ሌላውን እንጨምራለን።»

ሳቁ ጠፋ። «እኔ ግማሽ ሥራ አላስመርቅም። ዕቅዱ ጸድቋል። የአንቺ ሥራ ቀለሙን ተከትሎ መሄድ ነው።»

ወደ ታች ወረደችና ከጋሽ ሬዲዮ አጠገብ ወንበር ስባ ዋለች። ስልኩ ጋብ ሲል «ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ቢሰጥዎት ምን ይመርጣሉ?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ባዶው መኪና የቱ እንደሆነ ንገሩኝ። ሌላውን በኋላ እጨቀጭቃችኋለሁ።»

በማግስቱ የቡድኗን ሰዎች ሰበሰበች። ፕሮግራም ጸሐፊዎቹና የሠሩትን የምትፈትነው ሞካሪ ከቀለማቱ ወረቀት ሥር አልተቀመጡም፤ በራሳቸው ክፍል ነጭ ሰሌዳ ፊት ቆሙ። ሰሌዳው ላይ «የሚሠራ»፣ «የተጀመረ»፣ «ያለቀ» ብላ ጻፈች። ሥራውን በትንንሽ ካርዶች ቆራርጠው በየቦታው ለጠፉ። በየሁለት ሳምንቱ ጋሽ ሬዲዮ በእጃቸው ነክተው የሚሞክሩት ነገር ይቀርባል፤ ከዚያ ያነሰም የበዛም ቃል አይገባም። ጠዋት ጠዋት ቆመው ይነጋገራሉ፤ ምን ጨረስክ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ ምን አስቸገረህ። የሚቆሙት ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ «ወንበር ወሬ ያስረዝማል» አለች። በቡድኑ ውስጥ «ዝምታው» የሚሉት ጎበዝ ፕሮግራመር ነበር፤ ይህ ወግ ለእሱ የተፈጠረ እስኪመስል ድረስ «ጨረስኩ» ወይም «አልጨረስኩም» ብሎ ያበቃል።

ነገሩን አልደበቀችም። ፎቅ ወጥታ ለሥራ አስኪያጁ ቀለሙን እንዳልተከተለች ነገረችው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ለዚህ ነው ከሙሉ ማሰሮ በፊት በጭልፋ የጀመርኩት።»

«የሚመጣውን ትችዪዋለሽ» አለና ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ።

ባሏ ግንበኛ ነው። የሠራችውን ስትነግረው እጁን በፎጣ እያደረቀ ሳቀባት። «እኔ ጣሪያ የሌለው ቤት ለባለቤቱ ባስረክብ በድንጋይ ነው የሚያባርረኝ።»

«ባለፈው ያፈረስከው ኩሽና የማን ነበር?»

«የዚያ ሰውዬ። ሠርቼ ስጨርስ ሚስቱ ገብታ አይታ በሩ በዚህ በኩል ይሁንልኝ አለች።»

«ከመጀመርህ በፊት ለምን አልጠየቅካትም?»

ፎጣውን ሰቀለ። «እንዳያባርሩሽ ግን» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ሳቅ አልነበረም። ልጆቹ በሚቀጥለው ክፍል ይጣላሉ። እሷም ፈርታ ነበር፤ መፍራቷን ግን ለሥራ አስኪያጁ ልታሳይ አልፈለገችም።

የመጀመሪያው ነገር ደረሰ። አንድ ስክሪን ነው፤ የመኪናዎቹ ዝርዝር አለበት፤ ባዶው አረንጓዴ፣ ሥራ ላይ ያለው ቀይ። ሹፌሩ ስልኩ ላይ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ቀለሙ ይቀየራል። ፈቃደኛ በሆኑ ጥቂት ሹፌሮች መኪና ብቻ ተጀመረ። ጋሽ ሬዲዮ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ይኸው አየሁት!» አሉ። ማለዳው እንዲህ ባማረ ሁኔታ ሄደ።

ረፋዱ ላይ አባቷ በአስም የታፈኑባት ልጅ ደወለች። ስክሪኑ ላይ አንድ አረንጓዴ መኪና ነበር፤ ጋሽ ሬዲዮ «ልጄ፣ እየመጣ ነው» አሏት። አልመጣም። ሹፌሩ ለካ ሌላ ሕመምተኛ በቃሬዛ እያወረደ ኖሯል፤ እጁ ሰው ይዞ ቁልፉን ረስቶታል። ሌላ መኪና እስኪፈለግ ጊዜ ሄደ። አባትየው ተረፉ፤ ልጃቸው ግን ሆስፒታል አድርሳቸው በቀጥታ ወደ ስምሪት ክፍሉ መጣች።

«የታለ ያ እየመጣ ነው ያላችሁት?» ብላ ጮኸች። እትዬ ለምን ከኋላ ወጥታ ፊቷ ቆመች። «የእኔ ሥራ ነው» አለቻት። «ስድብ ካለሽ ለእኔ ነው።» ልጅቷ ሰደበቻት፣ ከዚያም አለቀሰች። እትዬ ለምን አንድም ሰበብ ሳትደረድር እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

ከሰዓት በኋላ ቡድኑን፣ ጋሽ ሬዲዮንና ሹፌሩን አንድ ላይ አስቀመጠች። «ማን አጠፋ አልልም። ምን አሳሳተን?» አለች። ሹፌሩ አንገቱን ደፍቶ «ሰው ተሸክሜ ስልክ ልነካ አልችልም» አለ። «ለምን በእሱ ላይ ጣልነው?» አለች እሷ። ዝምታው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠየቅ ተናገረ፤ ጋሽ ሬዲዮ መኪና ሲልኩ መኪናው በራሱ ቀይ ይሁን፤ ሹፌሩ የሚጫነው እጁ ሲፈታ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ቢረሳ እንኳ ባዶ መኪና ሥራ ላይ ይመስላል እንጂ፣ የሌለ መኪና አለ አይባልም። ያንን ካርድ ከሁሉም በላይ ለጠፉት።

በነጋታው ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ፎቅ ላይ አስጠራቸው።

«ይኸው! ጉዱን አያችሁት?» አለ። «ሰው ልትገድሉ ነበር።»

«አየነው» አለች እትዬ ለምን። «ያየነውም በጥቂት መኪና ስለሞከርን ነው። በእርስዎ ዕቅድ ቢሆን ይህንኑ ስሕተት በበዓሉ ዕለት፣ በመኪናዎቹ ሁሉ ላይ እናየው ነበር። እንግዶቹ እያጨበጨቡ።»

ፊቱ ቀላ። አንድ ወረቀት ገፋላት፤ ሙከራው እንደቆመ፣ ሥራው ወደ ነባሩ ዕቅድ እንደተመለሰና ሁሉም ክፍል በበዓሉ ዕለት ተሞክሮ ዝግጁ እንደሚሆን መሪዋ ታረጋግጣለች ይላል።

«ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

«ምን አልሽ?»

«አልፈርምም አልኩ። ያልተሞከረውን ተሞከረ አልልም። ትላንት ያለቀሰችው ልጅ ነገ ብትደውል ይህን ወረቀት ነው የምንልክላት?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ዝምታው ዞረ። «አንተ ፈርም። ከዛሬ ጀምሮ መሪው አንተ ነህ።»

ዝምታው ብዕሩን ተቀበለ፤ ወረቀቱን አነበበ፤ ብዕሩን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «እናቴም የምትደውለው እዚሁ ስልክ ላይ ነው» አለ። ሞካሪዋ ተነስታ ከጎኑ ቆመች። የቀሩትም አንድ በአንድ ተነሱ፤ ወንበር ሲጎተት ብቻ ተሰማ።

ሊያባርራቸው አልቻለም፤ በዓሉ ቀርቧል፣ እነሱን የሚተካ ሰው የለውም። ግን አልተዋትም። የመሪነት ሹመቷን ገፈፋት፣ ቡድኑን ከጋራዡ ጎን ወዳለው የዕቃ ክፍል አወረደው። ነጩን ሰሌዳ ራሷ ተሸክማ ወረደች። «የወሰዱት ማዕረጉን ነው» አለቻቸው፣ የአሮጌ ጎማ ሽታ አፍንጫዋን እየወጋው። «ካርዶቹ እዚሁ ናቸው። ዛሬ ማን ምን ይሠራል?»

ሥራው ቀጠለ፤ ሥራ አስኪያጁም ለበዓሉ የሚያሳየው ሌላ ነገር ስለሌለው አላስቆመውም። የተስተካከለው ቀለም በጥቂቶቹ መኪናዎች ላይ ሲጸና ሌሎች ሹፌሮች «እኛስ ምን በድለን ነው?» እያሉ ራሳቸው መጡ። እንቅፋት ግን ከላይ ብቻ አልመጣም። ጋሽ ሬዲዮ ጥርሳቸውን ነከሱና ካርታው፣ ፈረቃው፣ ሁሉም አሁኑኑ ይምጣልኝ አሉ።

«የሚቀድመውን አንድ ይምረጡ» አለቻቸው።

«አንቺም እንደ ፎቁ ሰውዬ ከለከልሽኝ?»

«እሳቸው ሁሉንም ነው ቃል የገቡልዎት። እኔ አንዱን ነው የምሰጥዎት።»

አኩርፈው ውለው በመጨረሻ «የመድኃኒቱ ይሁን፤ ኦክስጅን የሌለው መኪና መላክ ሰለቸኝ» አሉ። ካርዱን እሳቸው በእጃቸው ለጠፉት።

በዓሉ ደረሰ። ከቀለማቱ ወረቀት ላይ ካለው አብዛኛው አልተሠራም፤ የሚሠራው ስክሪን ግን በመኪናዎቹ ሁሉ ላይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መላ አላጣም። ሪባኑን በስምሪት ክፍሉ በር ላይ አስወጠረና እንግዶቹን ሰብስቦ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል» ብሎ ንግግር ጀመረ። «እኛም ከመጀመሪያው የተከተልነው ይህንኑ ስልት ነው።» ጋሽ ሬዲዮ ሳል ያዛቸው።

ሪባኑ ሳይቆረጥ እትዬ ለምንን ወደ ዳር ሳብ አደረጋት። «ከጎኔ ቁሚ። ቢጠይቁሽ ሁሉም አልቋል በያቸው። ነገ ሹመትሽን እመልስልሻለሁ።»

ከጎኑ አልቆመችም፤ በሩ አጠገብ ከቡድኗ ጋር ቆመች። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ስክሪኑን አይተው «ታዲያ ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ተጠናቋል ማለት ነው?» ሲሉ ሥራ አስኪያጁ አፉን ከመክፈቱ በፊት ድምጿ ተሰማ።

«አልተጠናቀቀም፣ እመቤቴ። ያለቀው ይህ የሚያዩት ነው፤ ይሠራል። ካርታው አልተጀመረም። የመድኃኒቱ ተጀምሯል፤ ሲያልቅ እናሳይዎታለን፤ መጥተው ይሞክሩት።»

ሥራ አስኪያጁ መቀሱን እንደያዘ ደረቀ። ሴትዮዋ ሊጠይቁ ሲሉ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ሬዲዮ ሚኒስትር ይሁን ባለ ሱፍ ሳይለዩ «ዝም በሉ!» ብለው አንባረቁ። እንግዶቹ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። እሳቸው አድራሻውን ሰሙ፣ ስክሪኑን አዩ፣ አንዱን አረንጓዴ ነኩ፤ ቀላ። ማንንም ሳይለማመጡ «ልጄ፣ መኪናው ወጥቷል፤ በሩን ክፈቺለት» አሉ። ከውጭ ሳይረኑ ተሰማ።

ማታ ባሏ በር ላይ ጠበቃት። «አባረሩሽ?»

«አላባረሩኝም።»

«ሹመትሽን መለሱልሽ?»

«እንግዶቹ ፊት አላለቀም ስላልኩ አይመልሱልኝም። የዕቃ ክፍሉም የእኛው ነው።» ጫማዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«ነገስ?»

«ነገ የመድኃኒቱን ለጋሽ ሬዲዮ እናሳያለን» አለች። «ቢከለክሉንም እናሳያለን።»