የማይለቀው መስመር

እንሴኖ ውስጥ ከዘይባ እጅ የጸዳ እጅ አገኘሁ የሚል ካለ ይምጣና ያሳየኝ። እሷ ራሷ ግን ይህን አታምንም ነበር። ባገባች ሰሞን ከአውራ ጣቷ ጥፍር ሥር ተነሥቶ እስከ ጫፉ የሚወርድ ጥቁር መስመር ወጣባት፤ ከዓመት ዓመትም ወደ ሌሎቹ ጣቶቿ ተዛመተ። እንሰት ስትፍቅ ነው የምትውለው፤ የእንሰት ውሃ እጅ እንደሚያጠቁር ደግሞ የማያውቅ የለም።

ነገሩን ያከበደው የአንዲት ጎረቤት ቃል ነው። ጥፍር ላይ የተለጠፈ ነገር ካለ ውሃው አይደርስም፣ ከሶላት በፊት የሚደረገው ትጥበት፣ ውዱእ፣ አይሞላም፣ ሶላቱም እንዳልተሰገደ ነው ብላት ወደ ቤቷ ሄደች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዘይባ ከዚያ ቀን ጀምራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከውዱእ በፊት ጥፍሯን በምላጭ ስትፍቅ ኖረች። መስመሩ አይለቅም። አንዱም ስግደት እንዳልተጻፈላት እያሰበች ትሰግዳለች። ኢማሙን ለመጠየቅ ደግሞ ፈራች፤ አዎ፣ አልሞላም ቢላትስ?

ዘንድሮ ምላጩ ጠልቆ የግራ አውራ ጣቷ አመረቀዘ። ልጇ ሳሌሃ በግድ ሚኒባስ አሳፍራ ቡታጅራ፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ፣ የወልቂጤው ልጅ ዶክተር ኤልያስ፣ ቁስሉን አጥቦ ካሰረላት በኋላ፣ አንዳንዱ የጥፍር መስመር ክፉ በሽታ ስለሚሆን፣ መቼ እንደጀመራትና በዘሯ ይኖር እንደሆነ ጠየቃት። ሳሌሃ የራሷን አውራ ጣት ዘረጋች፤ እዚያም ቀጭን መስመር ነበር። የሐኪሙ ፊት ፈታ አለ፤ በዘር የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ክፉ አይደለምና። ከዚያ መብራት ያለው አጉሊ መነጽር ከስልኩ ጋር አጋጥሞ የዘይባን ጥፍሮች አንድ በአንድ መረመረ፤ ለእሷም አሳያት።

ዘይባ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ቆሻሻ ስትለው የኖረችው ሁሉ፣ ሸማኔ እንደወጠረው ድር እኩል እኩል የተዘረጉ ቡናማ ክሮች ሆኖ ተገኘ። ከጥፍሩ ሥር ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ አላት ሐኪሙ። የብዙ ሰው ተኝተው ይኖራሉ፤ የእሷ ነቅተዋል፤ ጥፍሩ ባደገ ቁጥር ቀለማቸውን ያቀብሉታል። የቆዳዋን መልክ የሰጣትም ይኸው ቀለም ነው። መስመሩ ከሰፋ ወይም ከተለወጠ ቶሎ እንድትመጣ፣ ምላጩን ግን ዛሬውኑ እንድትጥል አዘዛት፤ መፋቁ ራሱ ይቀሰቅሳቸዋልና።

ዘይባ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «ከላይ የተለጠፈ አይደለም?»

«አይደለም እናቴ። ከጥፍሩ ጋር አብሮ የበቀለ ነው።»

«ታዲያ ውሃው ጥፍሬን ይነካዋል?»

ሐኪሙ ግራ ገባው። «ምን ይከለክለዋል?»

የከሰዓቱ፣ የአስር ሶላት ሲደርስ ዘይባ የክሊኒኩ ግቢ ቧንቧ አጠገብ ቁጭ አለች። የታሰረውን ጣቷን በእርጥብ እጇ ከፋሻው በላይ አበሰች፤ በቀሩት ላይ ውሃውን ለቀቀችው። በጥቁሮቹ መስመሮች ላይ ኮለል እያለ ሲወርድ ዓይኗን መንቀል አቃታት፤ እንባዋም መጣ። ሳሌሃ ቁስሉ አሟት መስሏት ምን ሆንሽ አለቻት።

«ፈጣሪ የቀባውን ነው ለእሱ ብዬ ስፍቅ የኖርኩት» አለች ዘይባ። «ውሃው ለካ በየቀኑ ይደርስ ኖሯል።»

ከዚያ ተነሥታ ሰገደች።