የበሶ ካፕሱል

ጁባ ውስጥ፣ በ2002 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ አንድ የአማርኛ ፊልም ተሠርቷል። ከአርባ ሲዲ በላይ አልተባዛም፤ ያየውም ሰው ሁለት መቶ ቢሞላ ነው። ዝማሬ ግን ያን ጾም ባሰበች ቁጥር ሆዷ ባር ባር ይላል። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። አማራት ሰፈር ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ነጭ ጋውን ለብሳ ትሠራለች፤ ከፍያለው የሚባል የውሃ ቦቴ ሾፌር ትወዳለች። ሰው በሃያ ሰባት ዓመቱ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ፊልሙ የተጀመረው ዳምጠው ሥራ ስለፈታ ነው። ዳምጠው የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ነው፤ በጾም ደግሞ ሠርግ የለም። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ካሜራውን በፎጣ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ማስቀመጥ ያንገበግበው ነበርና፣ በዚያ ዓመት «የወንጀል ፊልም እንሠራለን!» ብሎ ተነሣ። ታሪኩን ራሱ ጻፈው። ጀርባውን የታመመ ሾፌር የማስታገሻ መድኃኒት ሱስ ይይዘዋል፤ መድኃኒት ቤት ይዘርፋል፤ መርማሪ ፖሊስ ያሳድደዋል፤ በመጨረሻ ሆቴል ክፍል ውስጥ አሥር ካፕሱል ባንዴ ውጦ ይሞታል። ሾፌሩን እንዲሆን ከፍያለው ተመረጠ፤ ሾፌር ነው፣ መልኩም ያምራል። መርማሪው ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ሆኑ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ አማራት ውስጥ በኮንቴይነር ክፍሎች የተሠራ ሆቴል ነበራቸው፤ ግቢውን በነፃ የፈቀዱት «መርማሪው እኔ ካልሆንኩ በሩን እዘጋዋለሁ» ብለው ነው።

በዚያን ጊዜ ጁባ ውስጥ የአሻንጉሊት ሽጉጥ ይዞ መታየት መከራን በስሟ መጥራት ነበር። ካሜራ ይዞ መንገድ ዳር መቆም ራሱ ያሳስራል። ስለዚህ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር የተወኑት ቀኝ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ነው። ኪሱ ውስጥ ማበጠሪያ ነበር። በዚያ ሙቀት ኮት! ላባቸው በአገጫቸው ጠብ ጠብ ሲል ዳምጠው «እንደሱ ነው፣ ጭንቀቱ ይታያል» ይላቸዋል። የጉዴሌን አቧራማ መንገድ የቀረጸው ደግሞ ከከፍያለው ቦቴ ጋቢና ውስጥ፣ መስኮቱን በነጠላ ጋርዶ ነው። ምስሉ ላይ ነጠላው ጥለቱ ጭምር ይታያል። ማን ግድ አለው!

የካፕሱሉ ነገር የዝማሬ ድርሻ ሆነ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሸረፈዲን፣ ጊዜው ያለፈበትና ሊጣል የተዘጋጀ አንድ ሳጥን ትራማዶል የሚባል የማስታገሻ ካፕሱል «ሺሉ ኩሉ» ብሎ ሰጣት፤ ሁሉንም ውሰጂው ማለቱ ነው። ዳምጠው ባዶ ካፕሱል አይሆንም አለ፤ ቅልል ይላል፣ ካሜራ ላይ ያስታውቃል ብሎ። ስለዚህ ዝማሬ ካፕሱሎቹን አንድ በአንድ እየከፈተች ዱቄታቸውን ታራግፍና በቦታው በሶ ትሞላባቸው ጀመር። በሶው የከፍያለው እናት በሰው እጅ ከደብረ ብርሃን የላኩለት ነበር፤ በባለ ሰማያዊ መስመር የጨርቅ ከረጢት፣ አፉ በክር የተሰፋ።

ያ ሥራ የሚሠራው ጁባ ና ባሪ በሚባለው ሰፈር፣ ከዝማሬ ቤት ደጅ፣ ማንጎው ዛፍ ሥር ነው። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ከፍያለው ቦቴውን አቁሞ ይመጣል፤ ትንሽ ነገር ይቀምሱና ሰፌዱን መሐላቸው አስቀምጠው ይሞላሉ። እሷ አንድ ብልቃጥ፣ እሱ አንድ ብልቃጥ። ጎረቤት ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ሲያልፉ «ሰላም ታኪ!» ብለው ሰላምታ ይሰጧታል፤ የበሰለ ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ጓ ብሎ ይወድቃል፤ እሱም ቦቴ ላይ ስላጋጠመው ነገር እያወራ ያስቃታል። «ጀርባዬን ፀሐይ ይምታው» ብሎ ፊቱን አዙሮ ነበር የሚቀመጠው። ጀርባውን እያየች በሶ ስትሞላ የነበረበትን ያን ከሰዓት፣ ዝማሬ ዛሬም በምንም አትለውጠውም።

ጀርባው በእርግጥ ይታመም ነበር። በኅዳር አጋማሽ፣ የነቢያት ጾም እንደገባ፣ ከቦቴው አናት ላይ ወድቆ ነው። ያን ጊዜ እያነከሰ መድኃኒት ቤቱ ድረስ መጣ። የሐኪም ማዘዣ አልነበረውም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ለወደዱት ሰው ማዘዣ ይጠየቃል እንዴ?

«ጾም ይገድፋል?» አላት የሰጠችውን የትራማዶል ካፕሱል መዳፉ ላይ አድርጎ። ከፍያለው በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አፉን እንኳ የማይጉመጠመጥ ሰው ነው።

«መድኃኒት ጾም አይገድፍም። በሽተኛ ነህ» አለችው።

በሳምንቱ ሌላ ሰጠችው፤ ከዚያም ሌላ። ጥር ላይ መጠየቁን ተወ። ዳነ ብላ ደስ አላት። ጁባ ውስጥ ከእሷ መድኃኒት ቤት ሌላ መድኃኒት ቤት የሌለ ይመስል!

ቀረጻው ሲጀመር ታዲያ ይኸው የጾሙ ነገር መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ዳምጠው ጠዋት ላይ «ዋጥ!» ሲለው ከፍያለው ካፕሱሉን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«ዘጠኝ ሰዓት ይሙላ።»

«ኧረ በፈጠረህ! አንዲት ፍሬ ናት እኮ!»

«በሶ በሶ ነው ዳምጤ። ካፕሱል ውስጥ ስለገባ ከበሶነቱ አይወጣም።»

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ሳቁ። ዳምጠው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የመዋጥ ትዕይንት ሁሉ ከዘጠኝ በኋላ» ብሎ ጻፈ፤ ሥራውም በዚያው ተመራ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ከፍያለው ሲውጥ ማየት ደግሞ ጉድ ነው። ያለ ውሃ ነው የሚውጠው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አፍንጫውን ያካል፤ ላብ ያጠምቀዋል። ዳምጠው ካሜራውን እንደያዘ «ተሰጥኦ ማለት ይሄ ነው!» እያለ ይጮኻል። ሁሉም ያጨበጭባል። ዝማሬም አጨበጨበች፤ ይህን ስታስብ እስካሁን እጇን መደበቅ ያምራታል።

የመጨረሻው ትዕይንት ለኒቆዲሞስ ሳምንት ዓርብ ተቀጠረ። ዝማሬ ሐሙስ ዕለት አሥር የበሶ ካፕሱሎች በብልቃጥ አድርጋ ለከፍያለው ሰጠችው፤ እሱም በሚተውንበት ጃኬት ኪስ ከተተው። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ኮታቸውን እየቆለፉ መጡና እንግዶች በስድስት ሰዓት ስለሚገቡ ክፍሉ ከዚያ በፊት መለቀቅ አለበት አሉ።

ዳምጠው ራሱን ያዘ። «ከፍዬ፣ ምን ይሻላል? ካሜራዬን ላዙርና የዋጥክ ላስመስል?»

«ማፊ ሙሽኪላ» አለ ከፍያለው። ችግር የለም። «እውጠዋለሁ።»

«ጾሙስ?» አሉ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ።

«እግዜር ያውቃል።»

ዳምጠው ከደስታው ብዛት ሌላ ነገር አልሰማም፤ መብራት እያስተካከለ ይሯሯጥ ጀመር። ዝማሬ ብርሃን የሚመልሰውን ባለ ብር ወረቀት ካርቶን ይዛ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። እግዜር ያውቃል? ይሄ ሰው ነው እንዲህ የሚለው? ትናንት በዚያ ሐሩር ከጉዴሌ ተመልሶ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ውሃ ብትሰጠው «ትንሽ ቀረው» ብሎ ብርጭቆውን በእጁ ይዞ የጠበቀው ሰው? በሶ በሶ ነው ብሎ ቀረጻ ያስተጓጎለው? በሶ ቢሆን በጠዋት አይውጠውም። ታዲያ ከፍያለው በጾም ጠዋት የሚውጠው ነገር ምንድን ነው?

መልሱ የመጣላት በራሷ ድምፅ ነው። መድኃኒት ጾም አይገድፍም።

ክው አለች።

«አክሽን!» አለ ዳምጠው።

ከፍያለው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ብልቃጡን መዳፉ ላይ ገለበጠ። አሥር ካፕሱሎች፣ አረንጓዴና ቢጫ። ዝማሬ አሥር ትራማዶል በሰው ላይ የሚያደርገውን ታውቃለች፤ ያውም ከዚያ በፊት ምን ያህል እንደወሰደ በማይታወቅ ሰው ላይ። ተሳስታም ከሆነ በሰው ሁሉ ፊት ታዋርደዋለች፣ ፊልሙንም ታበላሻለች፤ እሱም ከዚያ በኋላ ማንጎው ሥር አይመጣም። ካልተሳሳተች ደግሞ ያው ነው፤ አይመጣም። ካርቶኑን ጥላ ገባች።

«ቆይ!»

መዳፉ ላይ ካለው አንዱን አነሣችና ከፈተችው። ነጭ ዱቄት ነው። በሶም በደንብ ሲነፋ ይነጣል አለች ለራሷ፤ ልቧ መሳሳቷን ይለምን ነበር። በምላሷ ነካችው። መረረ። ጉሮሮዋ ድረስ መረራት።

«ይሄ በሶ አይደለም» አለች።

ከፍያለው ቀና ብሎ አያት። ይቆጣል ብላ ነበር፤ አልተቆጣም። «አይደለም» አለ።

«በቀን ስንት ትውጣለህ?»

«ስምንት። ዘጠኝም የምልበት ጊዜ አለ።»

«አሥሩን ባንዴ? ትሞታለህ እኮ!»

«አንድ ቀን ሳልደበቅ ልዋጠው ብዬ ነው፣ ዝምዬ» አላት። «ሰው እያየኝ።»

ያኔ ለዝማሬ ነገሩ ሁሉ ተገለጠላት። ፊቱን አዙሮ ለምን ይቀመጥ እንደነበር፤ የእሱ ብልቃጥ ውስጥ አንድም የበሶ ካፕሱል ኖሮ እንደማያውቅ፤ እሷ ጀርባውን በፍቅር ስታይ እሱ ከሳጥኑ ሙሉዎቹን ወደ ኪሱ ይልክ እንደነበር፤ ሐሙስ የሰጠችውን ብልቃጥም በእነዚያው እንደለወጠው።

«ማንጎው ሥር የምትመጣው ለካፕሱሉ ነበር?» አለችው።

ካፕሱሎቹን አልጋው ላይ በተናቸውና ተነሣ። «አዋረድሽኝ» ብቻ አላት፤ ወደ በሩም ሄደ። በሩ ላይ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ቆመው ነበር። ካሜራ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ማበጠሪያው መሬት ላይ ወደቀ። ከፍያለውን አቅፈው ያዙት፤ ሊያመልጥ ታገላቸው፤ አልለቀቁትም። በኋላ ትከሻቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

እሁድ፣ በሆሳዕና ዕለት፣ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ራሳቸው በአውሮፕላን ይዘውት አዲስ አበባ ሄዱ፤ ሆስፒታል አስገብተውት፣ ለእናቱም አስረክበውት ተመለሱ። ዝማሬን ሳይሰናበታት ነው የሄደው። ስልክም አልደወለ። እሷ በበኩሏ ማዘዣ ለሌለው ሰው ያን መድኃኒት መሸጥ እርግፍ አድርጋ ተወች፤ ሸረፈዲን ቢቆጣም ጆሮዋን አልሰጠችውም። ቀድሜ ትቼው ቢሆን ኖሮ እያለች ስንት ጊዜ እንዳለቀሰች ማንጎው ይቁጠረው።

ዳምጠው ግን በዚያ ዓርብ ካሜራውን አላጠፋም ነበር። ፊልሙ መጨረሻ አልነበረውም፤ ተዋናዩ ሄዷል፤ ፋሲካ ሲያልፍ ደግሞ ሠርግ በሠርግ ላይ ተደራርቦ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ዝማሬን ለምኖ፣ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ለከፍያለው ስልክ ደውለው ካስፈቀዱት በኋላ፣ ያንኑ ምስል መጨረሻ አደረገው። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ነጭ አንሶላ ተወጥሮ ታየ። ሴትየዋ ገብታ ካፕሱሉን ቀምሳ «ይሄ በሶ አይደለም» ስትል ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ሰው ሁሉ ትወና መሰለው። ገበያ ስትወጣ «የፊልሟ ልጅ» ይሏት ጀመር። እሷ ግን ያን ትዕይንት አንድም ጊዜ አላየችውም፤ ማንጎው ሥር የተቀረጸች አጭር ቁራጭ ነበረች፣ ከፍያለው በሶ አፍንጫው ላይ ተቀብቶ የሚስቅባት፤ እስከዚያች ድረስ ታይና ትወጣለች።

ዓመት አለፈ፤ ሌላም ጾም አለፈ። በ2003 ዓ.ም. ሐምሌ አንድ ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ አዲሲቷ አገር ልትታወጅ አንድ ሌሊት ሲቀራት፣ ጁባ መንገዶቿን አስጠርጋ፣ ሞተሮቿን በባንዲራ አስጊጣ በጥሩምባ ታብድ ነበር። ሒሩት የምትባል በዚያው ዕለት ጠዋት ከአዲስ አበባ የገባች አስተናጋጅ መድኃኒት ቤቱ ድረስ መጥታ «ዝማሬ ማናት? መልእክት አለሽ» አለች። ያመጣችው አፉ በክር የተሰፋ፣ ባለ ሰማያዊ መስመር የጨርቅ ከረጢት ነው። ላዩ ላይ «ለዝማሬ፣ ጁባ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሌላ ቃል የለም።

«ማነው የሰጠሽ?»

«አንድ ረጅም ሰውዬ። ሚኒባስ ነው የሚነዳው። ለዕቃው ብሎ ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ ሻይ ልጋብዝህ ብለው፣ ገና ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ብሎኝ ሄደ። የዘንድሮውን የሐዋርያትን ጾም እንደሱ የያዘው ሰው አላየሁም!»

ሒሩት ከሄደች በኋላ ዝማሬ ክሩን በመቀስ ቆረጠችው። ዱቄት ነው። ትንሽ ቆንጥራ በምላሷ ነካችው። አልመረረም። የተቆላ ገብስ ነው፤ የእናቱ በሶ ነው። ደግማ ቆነጠረች። ከውጭ ጥሩምባው ይጮኻል፤ እሷ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ እያለቀሰች በሶውን በጣቷ ትልሳለች።

ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አምስት ሰዓት ተኩል ይላል። ለአንድ ሰው ብላ ሁለት ጊዜ ጾም ገደፈች፤ ያኔ በመራራው፣ አሁን በበሶው።